የነፋስ መለኪያ በአንድ ተኩል እጅ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከመሰላል ወድቄ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ስድስት ሳምንት በጄሶ ቆይቶ ከተፈታ አሥር ቀን ሆነው። ወደ ሥራ እስክመለስ ቤት መዋሉ ስለሰለቸኝ የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ልሠራ አስቤአለሁ። 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ባዶ የፕላስቲክ ኳስ ግማሾች፣ ከመጫወቻ መኪና ያወጣሁት ትንሽ ሞተርና አንድ መልቲሜትር አለኝ። ነፋሱ ሞተሩን ሲያዞረው የሚወጣውን ቮልት አንብቤ ወደ ፍጥነት እቀይረዋለሁ፤ ሲያልቅም ጣሪያ ላይ እሰቅለዋለሁ። ይሆናል? ውጤቱስ ምን ያህል ይታመናል?»

እግዚአብሔር ይማርዎ። ከጻፉት ሦስት ሐሳብ አንዱን እደግፋለሁ፣ አንዱን እቃወማለሁ፣ አንዱን ደግሞ እከለክላለሁ። የምደግፈው ሦስቱን ኩባያዎች፣ ማለትም የኳስ ግማሾቹን ነው። የምቃወመው ሞተሩን ነው። የምከለክለው ጣሪያውን ነው፤ ከመሰላል ለወደቀ ሰው ይህን መናገር የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም ነበር። ጣሪያው የማይበጀው ለእጅዎ ብቻ እንዳልሆነ፣ ለመለኪያውም መጥፎ ቦታ እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ አሳይዎታለሁ።

ሥራዬ የአየር ሁኔታ መሣሪያዎችን መጠገንና ማስተካከል ነው። ቤት ውስጥ የሠራውን የነፋስ መለኪያ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ኤሌክትሪኩ ነው። ኤሌክትሪኩ ግን ከሁሉ የቀለለው ክፍል ነው። ነገሩ ያለው ኩባያዎቹ ምን ያህል በቀላሉ ይዞራሉ፣ ንባባቸው ከምን ጋር ተመሳክሯል፣ የቆሙትስ የት ነው በሚሉት ላይ ነው። ለእነዚህ ጉልበት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ጊዜ ደግሞ አሁን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ዘንድ ሞልቷል።

ከሞተሩ ልጀምር። በግራ እጅዎ ሁለት ጣቶች ዘንጉን ይዘው ቀስ አድርገው ያዙሩት። ወጥ ሆኖ አይዞርም፤ ትንሽ ሄዶ ያዝ ያደርግና ይዘላል፣ እንደገና ያዝ ያደርጋል። ውስጡ ያሉት ማግኔቶች መሐል ያለውን ብረት ወደ ራሳቸው ስለሚስቡት ነው። በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ብሩሾች ሰበቃ አለ። ነፋሱ ይህን ሁሉ አሸንፎ ነው ኩባያዎቹን የሚያዞረው። ስለዚህ ለስለስ ያለ ነፋስ ሲነፍስ ኩባያዎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ሲበረታ በድንገት ይነሣሉ፣ እርስዎም በመካከሉ ያለውን በሙሉ «ነፋስ የለም» ብለው ይመዘግባሉ።

ቮልቱም ቢሆን ተስፋ አይሰጥም። 3 ቮልት ሲሰጠው በደቂቃ 10,000 ጊዜ የሚዞር ትንሽ ሞተር እንውሰድ። ኩባያዎችዎ በመጠነኛ ነፋስ በደቂቃ 120 ጊዜ ያህል ይዞራሉ። በዚህ ፍጥነት ሞተሩ መልሶ የሚሰጠው 36 ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ያውም ብሩሾቹ እየረበሹት ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሞተሩን ይተዉትና ዙሩን ይቁጠሩ። አንድ ዙር አንድ ዙር ነው፤ ባትሪ ቢደክም፣ ሽቦ ቢረዝም፣ ሙቀት ቢለዋወጥ ቁጥሩ አይለወጥም።

ኩባያዎቹን ከመንካትዎ በፊት ግን ዛሬውኑ ተቀምጠው በግራ እጅዎ የሚሠሩት ሌላ መለኪያ አለ። አንድ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቀጭን የናይሎን ክርና አንድ ፕሮትራክተር ይበቃዎታል። የክሩን አንድ ጫፍ በጠብታ ማጣበቂያ ከኳሱ ጋር ያያይዙ፤ ሌላውን ጫፍ በፕሮትራክተሩ ማዕከል ላይ ያስሩ። ቀጥ ያለውን ጠርዝ ወደ ላይ አድርገው ከመሬት ጋር ትይዩ ሲይዙት ክሩ 90 ቁጥር ላይ ይወርዳል። ነፋስ ሲመጣ ኳሱ ይሸሻል፤ ክሩ ከ90 ስንት ዲግሪ እንደራቀ ያነባሉ። በነፋስ የሚገፋ ነገር አንጠልጥሎ መለካት የቆየ ጥበብ ነው፤ ጣሊያናዊው ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ በ15ኛው መቶ ዘመን የገለጸው መለኪያም በማጠፊያ ላይ የተንጠለጠለ ሳንቃ ነበር።

የኳሱ ጥሩ ነገር መጠኑና ክብደቱ በደንብ የተወሰነ መሆኑ ነው፤ ደንበኛው የውድድር ኳስ 40 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.7 ግራም ክብደት አለው። ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል፣ ነፋሱ ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ማዕዘኑ የሁለቱ ስምምነት ነው። ግፊቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን አስልቼ ያገኘሁት ለባሕር ጠለል አየር እንዲህ ነው፦ ክሩ 10 ዲግሪ ሲሸሽ ነፋሱ በሰከንድ 3.6 ሜትር ግድም ነው፤ 20 ዲግሪ ሲሆን 5.2፤ 30 ሲሆን 6.6፤ 45 ሲሆን 8.6፤ 60 ሲሆን 11.4 ሜትር። ወደ ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመቀየር በ3.6 ያባዙት። ከ60 ዲግሪ በላይ ኳሱ መወራጨት ስለሚጀምር አያምኑት። በሰከንድ ከ3 ሜትር በታችም ክሩ ከ7 ዲግሪ አያልፍም፤ ያን በዓይን ለይቶ ማንበብ ያስቸግራል።

ለዚያ ለደካማው ነፋስ መስኮቱ ይበቃዎታል። የብሪታንያ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት እ.ኤ.አ. በ1805 የነደፈው ደረጃ ዛሬም ይሠራል፤ በኋላ ላይ የየብስ ምልክቶች ተጨምረውለታል። ፊት ላይ ሲሰማና ቅጠል ሲንሿሿ ነፋሱ በሰከንድ ከ1.6 እስከ 3.3 ሜትር ነው። ቅጠልና ቀጫጭን ጭራሮ ያለማቋረጥ ሲንቀሳቀስ ከ3.4 እስከ 5.4፤ አቧራና የወደቀ ወረቀት ሲያነሣ ከ5.5 እስከ 7.9፤ ቅጠል ያላቸው ትንንሽ ዛፎች መወዛወዝ ሲጀምሩ ከ8 እስከ 10.7። እንዲህ ያለውን ግምት አትናቁ እላለሁ ለተማሪዎቼ። ዲጂታል ቁጥር 15 እያሳየ ዛፉ ቅጠሉን እንኳ ካላነቃነቀ የሚዋሸው ዛፉ አይደለም።

አሁን ወደ ኩባያዎቹ። ጎድጓዳው ፊት ወደ ነፋስ ሲሆን ኩባያው አየሩን ይይዛል፤ ሆዱ ወደ ነፋስ ሲሆን አየሩ ያንሸራትተዋል። ግማሽ ኳስ በጎድጓዳው በኩል የሚቀበለው ግፊት በጉብታው በኩል ከሚቀበለው ሦስት ተኩል እጥፍ በላይ ነው፤ የግፊቱን መጠን ለማስላት የሚጠቀሱት ቁጥሮች 1.42 እና 0.38 ናቸው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ቀላሉን ስሌት ብንሠራ ኩባያው የነፋሱን ፍጥነት አንድ ሦስተኛ ያህል ይዞ ሲሄድ ሁለቱ ግፊቶች ይተካከላሉ። በሌላ አነጋገር ነፋሱ የኩባያውን ፍጥነት ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

ይህ «ሦስት» የሚባል ቁጥር ብዙ ሰው አሳስቷል። የኩባያ መለኪያን እ.ኤ.አ. በ1846 ያስተዋወቀው በአርማ ከተማ የሥነ ፈለክ ማዕከል የነበረው አየርላንዳዊው ቶማስ ሮምኒ ሮቢንሰን ነው፤ የእሱ መሣሪያ አራት ኩባያ ነበረው። ሮቢንሰን ኩባያው ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ኩባያውን የሚይዘው ዘንግ ረጅምም ይሁን አጭር፣ ቁጥሩ ሁልጊዜ 3 ነው ብሎ አመነ። አልነበረም። በኋላ ሲፈተሽ እንደ ኩባያው ስፋትና እንደ ዘንጉ ርዝመት ከ2 እስከ ከ3 ጥቂት ከፍ የሚል ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህም በዚያ ቁጥር የተሰሉ የብዙ ዓመታት መዝገቦች ነፋሱን ከነበረው አግንነው ነው ያስቀሩት። እርስዎም 3 ብለው ይጀምሩ፣ ግን በ3 አይጨርሱ። እ.ኤ.አ. በ1926 ካናዳዊው ጆን ፓተርሰን ሦስት ኩባያ ያለውን መሣሪያ ሠራ፤ የሦስቱ ግፊት በዙሩ ሁሉ ይበልጥ የተስተካከለ ሲሆን ለነፋስ ለውጥም ፈጥኖ ይመልሳል። ስለዚህ ሦስት ግማሽ ኳስ ማግኘትዎ መልካም አጋጣሚ ነው፤ አራተኛ አይፈልጉ።

ኩባያ ከኳስ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ አይነገርም። አየር በከፍታ ቦታ ይሳሳል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት በ18 በመቶ ግድም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያው ነፋስ ኳሱን በአነስተኛ ጉልበት ይገፋዋል፣ ከላይ በሰጠሁት ቁጥር ላይም አንድ አሥረኛ መጨመር ይኖርብዎታል። በኩባያው ላይ ግን የሚገፋውም የሚቃወመውም ያው አየር ነው። ሁለቱ እኩል ስለሚሳሱ የዙሩ ቁጥር አይለወጥም፤ የሚለወጠው ለመነሣት የሚፈልገው ትንሹ ነፋስ ብቻ ነው፣ እሱም በመዞሪያው ሰበቃ ምክንያት።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ስለ እጅዎ ጥቂት ልበል። ሐኪም አይደለሁም፤ የሚያክምዎት ሐኪምና የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያው የሚሉት ከእኔ ቃል ይቀድማል። ግን እኔም የእጅ አንጓዬ ተሰብሮ ያውቃል፤ ጄሶው ሲፈታ እጄ የተመለሰልኝ መስሎኝ ነበር። የተመለሰልኝ ደረቅና ጉልበት የሌለው፣ ካቻቪቴ ማዞር የማይችል ነገር ነው። አጥንቱ ቢገጥምም መጠንከሩ ገና ወራት ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው አንጓ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠላው መጠምዘዝን ነው። ስለዚህ ንድፉ ብሎን የሚበዛበት ሳይሆን ማጣበቂያ የሚበዛበት ይሁን። ትራፓኖ አይያዙ፤ ጫፉ ሲነክስ መላ መሣሪያውን ጠምዝዞ አንጓዎን ይዞት ይሄዳል። ሁለት ሦስት ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ የሚያስፈልገው ሌላ ሰው በአምስት ደቂቃ ይበሳልዎታል። ባልለመደ እጅ ስለት መያዝም ራሱ ሌላ አደጋ ነው። እንቅልፍ የሚያመጣ የሕመም ማስታገሻ በወሰዱበት ቀን ከቁጥርና ከወረቀት ሥራ አይለፉ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ከደነዘዙ ወይም እብጠቱ ከጨመረ ሥራውን ወዲያው አቁመው ለሐኪምዎ ይንገሩ።

የሚይዝልዎ ነገር ያብጁ። ሞርሳ ካለ እሰየው፤ ከሌለ ሕፃናት የሚጫወቱበት ለስላሳ ጭቃ ድንቅ ሦስተኛ እጅ ነው። ኩባያውን በፈለጉት ማዕዘን ይተክሉበታል፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ሳይነቃነቅ ይጠብቅዎታል።

ዘንጎቹን እኩል ለማከፋፈል ወረቀት ላይ በኮምፓስ ክብ ይሥሩ። የኮምፓሱን ስፋት ሳይለውጡ ከክቡ መስመር ላይ ተነሥተው ሲሄዱ ክቡ በትክክል ስድስት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱን እየዘለሉ ሦስቱን ይውሰዱ። በመካከላቸው 120 ዲግሪ አለ። ከመዞሪያው መሐል እስከ ኩባያው መሐል 10 ሴንቲ ሜትር ያድርጉ። ዘንጉ ከኩባያው ስፋት ብዙ እጥፍ እንዲረዝም አይፍቀዱ፤ ረጅም ዘንግ ይንቀጠቀጣል፣ መሣሪያውም ለነፋሱ ለውጥ ሰነፍ ይሆናል። ለዘንግ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ወይም ቀጭን የአሉሚኒየም ሹራብ መሥሪያ ይሆናል፤ መሐሉ ላይ የሚሰበሰቡበት ጠንካራ የፕላስቲክ ክዳን ይበቃል። ሦስቱም ኩባያዎች በአንድ አቅጣጫ ተከታትለው መሄዳቸውን ማጣበቂያው ከመድረቁ በፊት ሁለት ጊዜ ይዩ። ይህን የምለው በታመመ እጄ ስሠራ አንዱን ገልብጬ አጣብቄው ስለማውቅ ነው። ሁለቱ ሲገፉ አንዱ ሲቃወም አንድ ሙሉ ከሰዓት «ሰበቃው ከየት መጣ» ብዬ ዘይት ስጨምር ዋልኩ።

መዞሪያው የመሣሪያው ልብ ነው። በጣም የሚቀለው የተሽከርካሪ ጫማ ኩሽኔታ ነው፤ 608 የሚባለው ዓይነት 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ 22 ሚሊ ሜትር የውጭ ስፋትና 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ነገር ግን አዲስ ሲገዛ በወፍራም ግራሶ ስለሚሞላ በጣት ሲያዞሩት ቶሎ ይቆማል። ለሰው ክብደት ጥሩ ነው፣ ለነፋስ ግን ከባድ ነው። መሸፈኛውን አውጥተው በነጭ ጋዝ ያጥቡት፣ መስኮት ከፍተውና ከእሳት ርቀው፤ ሲደርቅ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል። ግራሶው ከወጣ በኋላ ውኃ ጠላቱ ይሆናል። ስለዚህ ከበላዩ እንደ ጃንጥላ የሚያለብሰው ሰፊ ክዳን ያድርጉለት።

ቀጥሎ ማመዛዘን ነው። ኩባያዎቹ የሚዞሩበትን ምሰሶ አግድም ይያዙና ኩባያዎቹን በትንሹ ገፋ ያድርጉ። ሁልጊዜ አንዱ ኩባያ ወደ ታች እየወረደ የሚቆም ከሆነ እሱ ከባድ ነው። ከሌሎቹ በአንዱ ላይ ቁራጭ ፕላስተር እየለጠፉ ሚዛኑን ይፈልጉ፤ በተለያየ ቦታ መቆም ሲጀምር ደርሰዋል። ከዚያ መስኮትና በር ዘግተው ኩባያዎቹን ቀጥ አድርገው ያቁሙ፣ በጣትዎ ያሽከርክሩና እስኪቆሙ ስንት ሰከንድ እንደወሰደ ይቁጠሩ። አምስት ጊዜ ይደጋግሙት፣ አማካዩን ከቀኑ ጋር ይጻፉ። ይህ ቁጥር ለሌላ ሰው መሣሪያ ምንም አይናገርም፤ ለእርስዎ ግን ከወራት በኋላ እንደገና ሲለኩ በግማሽ ወርዶ ካገኙት ኩሽኔታው እንደቆሸሸ ይነግርዎታል። ገፊው ጣት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጉልበት ስለሌለው ትንሽ ልዩነት አያሳስብዎት።

እዚህ ላይ መለኪያው ያለ ምንም ኤሌክትሪክ ይሠራል። አንዱን ኩባያ ቀይ ይቀቡና በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ ይቁጠሩ። ዘንጉ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ኩባያው በአንድ ዙር 62.8 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ በ3 ሲባዛ 1.885 ሜትር ነፋስ ማለት ነው። በ30 ሰከንድ 40 ዙር ከቆጠሩ በሰከንድ 1.33 ዙር፣ ነፋሱም በሰከንድ 2.5 ሜትር ወይም በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ነው። በሰከንድ ከሁለት ዙር በላይ ሲሄድ ግን ዓይን ይሸነፋል።

ያኔ የብስክሌት ፍጥነት ቆጣሪ ይምጣ። ርካሹና ባለ ሽቦው ይሻላል። በብስክሌት ላይ አንድ ማግኔት ከጎማው ጋር ይዞራል፤ በፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ፣ ማግኔት ሲቀርበው የሚገጥም ትንሽ ማብሪያ ደግሞ ዙሩን ይቆጥራል። የእርስዎም ፍላጎት ያው ነው። ማብሪያውን ለብቻው ገዝቶ መበየድ ይቻላል፤ ሆኖም ውስጡ የመስታወት ቱቦ ስለሆነ እግሮቹን ሲያጥፉ ይሰነጠቃል፣ ሁለት ጤነኛ እጅም ይጠይቃል። የታሸገው ይህን ሁሉ ያድንዎታል። ማግኔቱን መሐል ባለው ክዳን ሥር ያጣብቁና ሚዛኑን እንደገና ይፈትሹ። ቆጣሪው የጎማውን ዙሪያ በሚሊ ሜትር ሲጠይቅዎ 1885 ብለው ይንገሩት። እሱ ብስክሌት የሚነዱ ይመስለዋል፣ እርስዎ ነፋስ ያነባሉ።

ስለ ቆጣሪው ሁለት ነገር ይወቁ። በጣም ዝግ ባለ ዙር ዜሮ ያሳያል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ብዙዎቹ ቆጣሪዎች «አማካይ ፍጥነት» የሚሉት ጎማው በዞረበት ጊዜ ብቻ የተሰላ ነው፤ ጸጥ ያለውን ሌሊት አይቆጥሩትም። ስለዚህ አማካዩን ትተው የጠቅላላውን ርቀት ቁጥር ያንብቡ። ዛሬ ጠዋትና ነገ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት አንብበው ልዩነቱን በ24 ያካፍሉ። 216 ኪሎ ሜትር ከሆነ የቀኑ አማካይ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ነው። የአየር ሁኔታ ጣቢያዎችም የቀኑን የነፋስ ጉዞ በኪሎ ሜትር ይመዘግባሉ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ቁጥር እሱ ነው። አርዱዊኖ የሚባለውን በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ወይም ሌላ መሰሉን ለመጠቀም ከፈለጉም ይቻላል። ማብሪያው ሲገጥም ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ስለሚንቀጠቀጥ በ10 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የሚደጋገም ምልክት እንዳይቆጠር ያድርጉ። በሰከንድ 30 ሜትር በሚነፍስ ማዕበል እንኳ በሁለት ዙር መካከል ከ60 ሚሊ ሰከንድ በላይ ስላለ እውነተኛ ዙር አይጠፋብዎትም።

የቀረው 3 የተባለውን ግምት በእውነተኛው ቁጥር መተካት ነው። ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ባዶና ቀጥ ያለ መንገድ፣ መኪናና የሚነዳ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። እርስዎ አይነዱም፤ መለኪያውንም በመስኮት አውጥተው አይይዙም፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ አየር ለተሰበረ አንጓ ቀልድ አይደለም። መኪናው አየሩን ከዙሪያው እየገፋ ስለሚያፈጥነው መለኪያው ከጣሪያው አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደ ፊት በኩል በጥብቅ በታሰረ ምሰሶ ላይ ይሁን። በ20፣ በ30፣ በ40 እና በ50 እየነዱ ያንብቡ። ፍጥነቱን ከስልክ ጂፒኤስ ይውሰዱ፤ የመኪናው የራሱ ፍጥነት ማሳያ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ያንኑ መንገድ ተመልሰው በተቃራኒው አቅጣጫ ይድገሙት፤ «ነፋስ የለም» ያልነው አየር እንኳ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ የሁለቱ አማካይ ያጠፋዋል።

መኪናው በ40 ሲሄድ ቆጣሪው 46 ካሳየ 1885ን በ40 አባዝተው በ46 ያካፍሉ፤ 1639 ይመጣል። ቆጣሪው ውስጥ ይህን ያስገቡ። የእርስዎ ኩባያዎች ቁጥር እንግዲህ 3 ሳይሆን 2.61 ነው። ንባቦቹን በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ቢያስቀምጡ ቀጥ ወዳለ መስመር ይጠጋሉ። መስመሩ ወደ ታች ሲቀጥል ዜሮ ላይ ካልደረሰና ነፋሱ ትንሽ ሳይነሣ ኩባያው የማይነሣ መሆኑን ካሳየ ያ የሰበቃው ድርሻ ነው።

ምን ያህል ይታመናል ላሉት፣ በጥንቃቄ ከተሠራ ከእውነቱ በ10 በመቶ ውስጥ ቢገባ እኔ እደሰታለሁ። ልብስ ለማስጣት፣ ርጭት ለማቆም፣ የራስን አካባቢ ለማወቅ ከበቂ በላይ ነው። የነፋስ ኤሌክትሪክ ተርባይን ለመትከል ግን አይበቃም። የነፋስ ኃይል በፍጥነቱ ኩብ ስለሚያድግ በፍጥነት ላይ የ10 በመቶ ስሕተት በኃይሉ ላይ 33 በመቶ ይሆናል። ደግሞም ኩባያዎች አንድ የተፈጥሮ አድልዎ አለባቸው፤ ነፋሱ ሲጨምር ፈጥነው ይከተሉታል፣ ሲቀንስ ግን ለመዘግየት ይለግማሉ። በሚቆራረጥ ነፋስ ውስጥ አማካዩ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ላይ ያዘነብላል።

በመጨረሻ ቦታው። ዓለም አቀፉ መደበኛ ከፍታ ከመሬት 10 ሜትር ሲሆን፣ ሜዳው ክፍት ሆኖ ከማንኛውም ግርዶሽ የግርዶሹን ቁመት አሥር እጥፍ መራቅ አለበት፤ ንባቡም የ10 ደቂቃ አማካይ ነው። ይህን ቤት ውስጥ የሚያሟላ ሰው አላየሁም። ጣሪያው ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ምርጫ ነው። ነፋስ ቤቱን ሲመታ ወደ ላይ ይገለበጣል፤ በጫፉ ላይ ይፈጥናል፣ ከጀርባው ደግሞ ይሽከረከራል። እዚያ የሚለኩት የቤትዎን ቅርጽ ነው። ገላጣ መሬት ላይ በ2 ሜትር ምሰሶ የቆመ መለኪያ የበለጠ እውነት ይናገራል፤ ዙሪያው አጭር ሣር ከሆነ በዚያ ከፍታ የሚያገኙት በ10 ሜትር ላይ ካለው 72 በመቶ ያህል ነውና ንባቡን በ0.72 ቢያካፍሉት ከመደበኛው ጋር ማነጻጸር ይችላሉ። ሁለት ሜትር ደግሞ ያለ መሰላል ይደረስበታል። ምሰሶውን ከሥሩ በማጠፊያ ካደረጉት ኩሽኔታውን ለማየት ሲፈልጉ ያጋድሙታል፤ ጉድጓዱን የሚቆፍረውና የሚያቆመው ሌላ ሰው ይሁን፣ እርስዎ ቀጥ ማለቱን በውኃ ልክ ይቆጣጠሩ። ነጎድጓድ ሲሰሙ ወደ ምሰሶው አይጠጉ።

ሞተሩን አይጣሉት። ወደ መጫወቻው መኪና ይመልሱት፤ ባለቤቱ እየጠየቀ ሳይሆን አይቀርም።